የፓርኔል 86 ወንበሮች

የምርጫ ውጤት በተገለጸ ማግስት ጋዜጦች ሠንጠረዥ ያወጣሉ። የፓርቲዎቹ ስም በአንድ በኩል፣ ያገኙት ወንበር በሌላ በኩል ይሰፍራል። አንባቢም አሸናፊው ማን እንደሆነ ካየ በኋላ ከታች ያሉትን ቁጥሮች እንደ ዋዛ ያልፋቸዋል። ዛሬ የማወጋችሁ ከዚያ ከሠንጠረዡ ሦስተኛ መስመር ላይ ተቀምጦ የዘመኑን ኃያል ኢምፓየር መንግሥታት ሲያወጣና ሲያወርድ ስለነበረ ሰው ነው። ስሙ ቻርልስ ስቲዋርት ፓርኔል ይባላል። ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስለ እንግሊዝ ፓርላማ የተማርነው ስለ ሉዓላዊነቱና ስላልተጻፈው ሕገ መንግሥቱ ነበር። ፓርኔልን ያነሣልን መምህር አልነበረም። ቆይቶ በግል ንባብ ስደርስበት የገረመኝ ነገር ቢኖር አንድ ዓይነት የወንበር ቁጥር ዘንድሮ መንግሥት ሲሾም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ምንም የማይፈይድ ሲሆን ማየቴ ነው። የዚህን ሰው ሕይወት በዚያ ቁጥር በኩል ነው የምተርከው።

ፓርኔል የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1846 ከደብሊን በስተደቡብ በዊክሎው አውራጃ፣ አቮንዴል በተባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ ነው። አባቱ ባለርስት፣ ሃይማኖቱ ፕሮቴስታንት፣ ትምህርት ቤቱ ካምብሪጅ። ካምብሪጅን እንኳ ያለ ዲግሪ ነው ትቶት የወጣው። የአየርላንድ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክና ጭሰኛ በነበረበት፣ በድንች ሰብል መበላሸት የተነሣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብ ባለቀበት ዘመን የተወለደው ይህ የባለርስት ልጅ የካቶሊኮቹ ጭሰኞች መሪ ሆነ። እናቱ አሜሪካዊት ነበረች። የእናቱ አባት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ከእንግሊዞች ጋር የተዋጋ ዝነኛ የመርከብ አዛዥ ነበርና እንግሊዝን አለመውደድ በቤቱ ውስጥ እንግዳ ነገር አልነበረም። ዝምተኛ፣ ቀዝቃዛ፣ ለሰው የማይቀርብ ነበር ይሉታል የሚያውቁት ሁሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንግግር ሲያደርግ ይደናቀፍ ነበር። ገድ አይቶ የሚፈራ ሰውም ነበር፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ቀለም የሆነውን አረንጓዴን ሳይቀር አይወድም ነበር ይባላል።

ፓርላማ ሲገባ የራስ ገዝ ንቅናቄው አዲስ አልነበረም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1801 የራሷን ፓርላማ አጥታ ከብሪታንያ ጋር ከተዋሐደች ወዲህ 100 ያህል እንደራሴዎችን ወደ ለንደን ትልክ ነበር። አይዛክ በት የተባለ ጠበቃ የሚመራው ቡድን በ1874ቱ ምርጫ ወደ 60 የሚጠጋ ወንበር አገኘ። ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይሁንና የዲዝሬሊ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በዚያው ምርጫ ከሌሎቹ ሁሉ ድምር የሚበልጥ ወንበር ስለያዘ ማንንም መለማመጥ አላስፈለገውም። በት በየጊዜው ሐሳቡን በጨዋ አንደበት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም በጨዋነት ያዳምጠውና በድምፅ ብልጫ ይጥልበታል። የሙያ ባልደረባዬ ነውና አዝንለታለሁ። ክርክሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሌላው ወገን እሱን የሚፈልግበት ምክንያት ነው።

ፓርኔል በኤፕሪል 1875 በሚዝ አውራጃ በተደረገ የማሟያ ምርጫ አሸንፎ ገባ። ወንበሩን በያዘበት ዕለት ጆሴፍ ቢጋር የተባለ የቤልፋስት የአሳማ ሥጋ ነጋዴ ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋ ንግግር እያደረገ ነበር። ቢጋር የሚናገረው ለማሳመን አልነበረም። የመንግሥት ሰነዶችን እያነበበ ጊዜ ይገድላል። በዚያን ጊዜ በታችኛው ምክር ቤት ክርክርን በድምፅ የሚዘጋ ደንብ አልነበረም፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው ጨዋ ሰው ሲበቃው ይቀመጣል በሚል ልማድ ላይ ነው። ፓርኔል ይህን ክፍተት ከቢጋር ተማረና ወደ ሥልት ለወጠው። ስለ አየርላንድ አንሰማም ካላችሁ ስለ ደቡብ አፍሪካም፣ ስለ ወታደር ደንብም፣ ስለ ምንም ሕግ ልታወጡ አትችሉም ማለቱ ነበር። የሥነ ሥርዓት ሕግ ያጠና ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገሩ በፌብሩዋሪ 1881 ጫፍ ደረሰ። በአየርላንድ ላይ የወጣውን የአፈና ረቂቅ ሕግ ለማዘግየት የፓርኔል ሰዎች ምክር ቤቱን ለ41 ሰዓት ያለማቋረጥ አስቀመጡት። በመጨረሻ አፈ ጉባዔው ብራንድ፣ በየትኛውም ደንብ ያልተሰጠውን ሥልጣን በገዛ እጁ ወስዶ ክርክሩን ዘጋ። የክርክር መዝጊያ ደንብ በእንግሊዝ ፓርላማ ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂቶች ስላስቸገሩ ብዙኃኑ ሕጉን አጠበቀው፤ የጠበቀውም ሕግ እስከ ዛሬ አለ።

ከፓርላማው ውጪ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1879 ማይክል ዴቪት የመሬት ሊግ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት ፓርኔል ፕሬዚዳንት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጭሰኛ ተባርሮ የተነጠቀ መሬት የሚወስድን ሰው ማንም እንዳያናግረው፣ እንዳይሸጥለት፣ እንዳይገዛው ሕዝቡን መከረ። የምክሩ ዋና ሰለባ የሆነው ካፒቴን ቦይኮት የተባለ የአንድ ባለርስት ወኪል ነው። አዝመራውን የሚሰበስብለት ጠፍቶ ሠራተኞች በወታደር ታጅበው ከሰሜን እስከ መምጣት ደረሱ። እኛ በ1997 ምርጫ ማግስት ፓርላማ ይገባ አይገባ በሚለው ክርክር ስንትና ስንት ጊዜ የተጠቀምንበት ቦይኮት የሚለው ቃል የዚህ ምስኪን ካፒቴን የቤተሰብ ስም ነው። በ1881 ግላድስተን ለጭሰኞች ፍትሐዊ ኪራይና የይዞታ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ፓርኔልን ግን በኦክቶበር ኪልሜይናም ወኅኒ አስገባው። በሜይ 1882 በስምምነት ተፈታ። ከአራት ቀን በኋላ አዲሱ የአየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትርና ዋና ጸሐፊው በደብሊን መናፈሻ ውስጥ በጩቤ ተገደሉ። ፓርኔል እጁ አልነበረበትም፤ ጥርጣሬው ግን ለዓመታት ተከተለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፓርኔል ከወኅኒ ሲወጣ ሊግን ወደ ጎን አድርጎ ፓርቲ መሥራት ያዘ። በ1884 እያንዳንዱ እጩ ቃል ኪዳን እንዲፈርም ተደረገ፤ ከተመረጠ ከፓርቲው ጋር እንደሚቀመጥ፣ ከፓርቲው ጋር ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ቃሉን አልጠበቀም ብሎ አብዛኛው አባል ከወሰነ ወንበሩን እንደሚለቅ። በዚያን ጊዜ የፓርላማ አባል ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ ለድሃ አባላት አበል የሚከፍለው ፓርቲው ነበር፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የአየርላንድ ተወላጆች ይመጣል። ሱቅ ያለው፣ ጋዜጠኛ የሆነ፣ የገበሬ ልጅ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን መቀመጥ ቻለ፤ ለቀለቡ የሚያየው ግን የፓርቲውን እጅ ነው። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። በዚህ ሚዛን የፓርኔል ቃል ኪዳን አስቸጋሪ ሰነድ ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ወገን ይገባኛል። 80 ሰው 80 ኅሊና ይዞ ቢገባ ኖሮ የለንደን ፓርቲዎች አንድ በአንድ በሹመትና በግብዣ ይወስዷቸው ነበር። ከፓርኔል በፊት የነበሩት እንዲህ ነው ያለቁት።

በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ ሕግ የአየርላንድን መራጭ ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ አሳደገው። ጭሰኛው ድምፅ አገኘ። ግላድስተን ደግሞ በሱዳን ጣጣ ተይዟል። ያ ጣጣ ለኛም ሩቅ አይደለም። የግብፅ ጦር ከሱዳን ጠረፍ በሐበሻ ምድር በኩል እንዲወጣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጁን 1884 ዓድዋ ላይ ከአድሚራል ሂዌት ጋር የፈረሙት ውል የዚሁ የግላድስተን መንግሥት ውል ነበር። በጃንዋሪ 1885 ካርቱም ወድቃ ጄኔራል ጎርደን ሲገደል የለንደን ሕዝብ ቁጣ ግላድስተንን አናወጠው። በጁን የበጀቱ ድምፅ ሲሰጥ የፓርኔል ሰዎች ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ቆሙና መንግሥቱ በ12 ድምፅ ወደቀ።

ተተኪው የሎርድ ሳልስበሪ የወግ አጥባቂዎች መንግሥት አናሳ ነበር። ለአየርላንድ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። የአፈና ሕጉ ጊዜው ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ። አሽቦርን በሚባለው ሕግ ጭሰኛ የሚያርሰውን መሬት እንዲገዛ ሙሉ ዋጋውን መንግሥት ሊያበድረው፣ እሱም በ49 ዓመት ሊከፍል ተወሰነ፤ ለዚህ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ። የባለርስቶች ፓርቲ ነው ይህን ያደረገው። የአየርላንዱ እንደራሴ ሎርድ ካርናርቨንም በለንደን ሰው በሌለበት ቤት ከፓርኔል ጋር በምስጢር ተገናኝቶ ስለ ራስ ገዝ አስተዳደር ተነጋገረ። አንድ ሰው ላይ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ሲጫረቱ ማለት ነው። ፓርኔልም ጨረታውን ለማሟሟቅ በኖቬምበር 1885 በእንግሊዝና በስኮትላንድ የሚኖሩ የአየርላንድ ሰዎች ድምፃቸውን ለሊበራሎች እንዳይሰጡ ጥሪ አስተላለፈ።

ምርጫው ተካሄደ። ሊበራሎች 335፣ ወግ አጥባቂዎች 249፣ የፓርኔል ፓርቲ 86። ከ86ቱ 85ቱ ከአየርላንድ ናቸው፤ አንዱን ወንበር ቲ. ፒ. ኦኮነር የተባለ ጋዜጠኛ ከእንግሊዝ ከተማ ከሊቨርፑል አመጣው፤ የወደብ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩና።

አንባቢ እስቲ 335 ላይ 249 ይቀንስ። 86 ይሆናል። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ ይወዳል። በ670 ወንበሮች ምክር ቤት ውስጥ ፓርኔል ከሊበራሎች ጋር ሲቆም 421 ሆኖ ሰፊ ብልጫ ይገኛል። ከወግ አጥባቂዎች ጋር ሲቆም ግን 335 ለ335፣ እኩል ለእኩል ነው። ብዙዎች ይህን ውጤት የፓርኔል የድል ጫፍ አድርገው ይጽፉታል። እኔ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ሚዛኑ ያዘነበለ ነበር። ማንም እንዳይገዛ ማድረግ ይችላል፤ ሊያነግሥ የሚችለው ግን አንዱን ብቻ ነው። ወግ አጥባቂዎች ይህን በቶሎ ቆጠሩት። የፓርኔልን ዋጋ ቢከፍሉ እንኳ የሚገዙት እኩል ቁጥር ነው፤ ለዚህ ሲሉ የራሳቸውን ሰዎች ሊያጡ አልፈለጉም። በጃንዋሪ 1886 ወደ አፈና ሕግ እንደሚመለሱ አስታወቁ። በቀናት ውስጥ የፓርኔል ሰዎች ከሊበራሎች ጋር ሆነው በ79 ድምፅ ብልጫ ጣሏቸው፤ ከሥልጣን ያወረዳቸው ድምፅ የተሰጠው እንኳ በአየርላንድ ጉዳይ ሳይሆን ለገበሬ ሠራተኞች መሬት ይሰጥ በሚል ማሻሻያ ላይ ነበር።

ግላድስተን በ76 ዓመቱ ለሦስተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በኤፕሪል 8 ቀን 1886 አየርላንድ በደብሊን የራሷ ሕግ አውጪ እንዲኖራት የሚያደርገውን ረቂቅ አቀረበ። ከአሥር ዓመት በፊት በት በጨዋነት ሲያቀርበው የሚሳቅበት ሐሳብ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። ግላድስተን በእምነት ነው ወይስ በሒሳብ የተለወጠው የሚለው ክርክር አላለቀም። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ ሽማግሌው በአየርላንድ ጉዳይ ከልቡ ያስብ እንደነበር ማስረጃው ብዙ ነው፤ ሆኖም 86ቱ ወንበሮች ባይኖሩ ኖሮ ሐሳቡ በመሳቢያው ውስጥ ይቀር ነበር።

ጁን 8 ድምፅ ተሰጠ። ረቂቁ በ30 ድምፅ ወደቀ። ከግላድስተን ፓርቲ 93 ሰዎች ከድተው ተቃወሙት። ፓርኔል ያመጣው 86፣ እሱን በማምጣቱ የሄደው 93። ጥምረት የሚደራደሩ ሰዎች ይህን ሁለት ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ጽፈው ቢያስቀምጡ ጥሩ ነው። ያንን ምሽት ድምፁን ያልሰጠ አንድ የአየርላንድ ተመራጭም ነበር፤ ካፒቴን ኦሼይ ይባላል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ፓርኔል የገዛ ጓዶቹን ተቃውሞ አፍኖ፣ ቃል ኪዳኑን ሳያስፈርመው በጎልዌይ ከተማ በግድ ያስመረጠው ሰው ነው። ምክንያቱን ጓዶቹ ያውቃሉ፤ ፓርኔል ከ1880 ጀምሮ ከካፒቴኑ ሚስት ከካትሪን ጋር ይኖር ነበር። ደንብ አውጪው ደንቡን ያፈረሰው እዚህ ላይ ነው።

ግላድስተን ምርጫ ጠራ። በጁላይ 1886 ፓርኔል 85 ወንበር ይዞ ተመለሰ። አንድ ብቻ ነው የቀነሰው። የአየርላንድ መራጭ አልከዳውም፤ ዲሲፕሊኑ አልላላም፤ ገንዘቡ አልተቋረጠም። ነገር ግን ወግ አጥባቂዎች 316 ሆኑ፤ ከሊበራሎች የተገነጠሉት ሰዎችም ከ70 በላይ ወንበር ይዘው ከጎናቸው ቆሙ። የፓርኔል 85 በአንድ ምርጫ ዋጋ አጣ። መንግሥት የሚያቆመውና የሚጥለው ቡድን አሁን የተገንጣዮቹ ሆነ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ጆሴፍ ቻምበርሊን ለዓመታት ሲጮህላቸው ከነበሩት ጉዳዮች በምርጫ የሚቋቋሙ የአውራጃ ምክር ቤቶች በ1888፣ የነፃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በ1891 የወጡት በወግ አጥባቂ መንግሥት እጅ ነው። አየርላንድ የደረሳት ደግሞ በ1887 የወጣ፣ እንደ ቀድሞዎቹ ጊዜው የማያልቅ የአፈና ሕግ ነው። በድምፅ ቆጠራ ፓርኔልን ማንም አላሸነፈውም፤ ያሸነፉት ሌሎቹ እርስ በርስ በተደረደሩበት አኳኋን ነው።

ከ1886 በኋላ ፓርኔል የሚሄድበት ሌላ ቤት አልነበረውም። ወግ አጥባቂዎቹ በሩን ዘግተዋል፤ የቀሩት የግላድስተን ሊበራሎች ብቻ ናቸው። ለጊዜው ይህ አልጎዳውም፤ እንዲያውም ስሙ ገነነ። ታይምስ ጋዜጣ በ1887 የደብሊኑን ግድያ የሚያጸድቅ ደብዳቤ ጽፏል ብሎ ከሰሰው። በፌብሩዋሪ 1889 ሪቻርድ ፒጎት የተባለ ሰው ደብዳቤዎቹን ራሱ እንደ ፈጠራቸው በመስቀለኛ ጥያቄ ተጋለጠ። ያጋለጠው ጠበቃ ቻርልስ ረስል ነው፤ ፒጎትን ቃላት አስጽፎት በሐሰተኛው ደብዳቤ ውስጥ የነበረውን የፊደል ስሕተት እንደገና ሲሠራ ያዘው። ጠበቆች ይህን ምርመራ ፈልገው ቢያነቡት አይቆጫቸውም። ፒጎት ማድሪድ ሸሽቶ ራሱን ገደለ። ታይምስ 5 ሺሕ ፓውንድ ካሳ ከፈለ። ፓርኔል ወደ ምክር ቤቱ ሲገባ ሊበራሎች ግላድስተንን ጨምሮ ተነሥተው ተቀበሉት።

በ1889 የገና ዋዜማ ካፒቴን ኦሼይ የፍቺ ክስ መሠረተ። በኖቬምበር 1890 ፍርዱ ሲሰጥ ፓርኔል መከላከያ አላቀረበም፤ ካትሪንን ለማግባት የሚችለው ፍቺው ከጸና ብቻ ስለሆነ ነው። የግላድስተን ፓርቲ የጀርባ አጥንት የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ነበሩ፤ አመንዝራ ከሚሉት ሰው ጋር መሥራት አልወደዱም። ግላድስተን ፓርኔል መሪ ሆኖ ከቀጠለ የራሱ የሊበራሎች መሪነት ዋጋ እንደሚያጣ የሚገልጽ ደብዳቤ አወጣ። የአየርላንድ አባላት ከሰዓታት በፊት ፓርኔልን መልሰው ሊቀ መንበር መርጠውት ነበር።

ሰዎች ይህን የፍቅርና የቅሌት ታሪክ አድርገው ያወሩታል። ለእኔ የ1886 ምርጫ ውጤት ጭራ ነው። ሁለት ፓርቲ ሲጫረትበት በነበረ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ስለ መሪው አልጋ ማንም የውጭ ሰው ድምፅ አይኖረውም ነበር። አንድ አጋር ብቻ የቀረለት ፓርቲ ግን መሪውን ለአጋሩ ማስፈቀድ ግድ ሆነበት። ከዲሴምበር 1 እስከ 6 ቀን 1890 በፓርላማው የኮሚቴ ክፍል ቁጥር 15 ውስጥ ተጨቃጨቁ። ፓርኔል ሊቀ መንበር ሆኖ በራሱ ላይ የቀረበውን ሐሳብ ድምፅ እንዳይሰጥበት አዘገየ፤ በ1877 እና በ1881 በእንግሊዞች ላይ የተጠቀመበትን ዘዴ በገዛ ጓዶቹ ላይ። በመጨረሻ 45 ሰዎች ክፍሉን ጥለው ወጡ። ከእሱ ጋር የቀሩት 30 አይሞሉም። በቃል ኪዳን የታሰረው ፓርቲ ሲበጠስ በአንድ ሳምንት ነው።

የካቶሊክ ጳጳሳትም አወገዙት። በሚቀጥሉት ወራት በኪልኬኒ፣ በስላይጎና በካርሎ በተደረጉ ሦስት የማሟያ ምርጫዎች እጩዎቹ ተሸነፉ። በየሳምንቱ ከእንግሊዝ አየርላንድ እየተመላለሰ፣ በዝናብ እየተናገረ ጤናው ተሰበረ። በጁን 1891 ካትሪንን አገባ። ኦክቶበር 6 ቀን፣ በ45 ዓመቱ፣ ብራይተን አጠገብ በሚገኘው ቤታቸው ሞተ። ደብሊን ውስጥ ግላስኔቪን መቃብር ተቀበረ።

በ1892ቱ ምርጫ የተከፋፈሉት የአየርላንድ አባላት በድምሩ 80 ያህል ሆነው እንደገና የሚዛኑ ምላስ ሆኑ፤ ግላድስተንም ሁለተኛውን ረቂቅ በ1893 በታችኛው ምክር ቤት አሳለፈ። የሎርዶች ምክር ቤት በ419 ለ41 ጣለው። በጃንዋሪ 1910 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች በጥቂት ወንበር ብቻ ተለያዩ። የፓርኔል ተከታይ የነበረው ጆን ሬድሞንድ በዚያ ሚዛን የተነሣ ሊበራሎች የሎርዶችን ምክር ቤት ሕግ የመጣል ሥልጣን እንዲቆርጡ ገፋፋ፤ ሕጉ በኦገስት 1911 ጸደቀ። በኦክቶበር 1 ሬድሞንድ በደብሊን አውራ ጎዳና የፓርኔልን ሐውልት መረቀ። የራስ ገዝ ሕጉ በ1914 ሲወጣ ጦርነት መጣና ታገደ። በ1918 ምርጫ ሲን ፌን 73 ወንበር ሲወስድ የፓርኔል ፓርቲ በአየርላንድ ያገኘው 6 ብቻ ነው።

ሊቨርፑል ግን ቲ. ፒ. ኦኮነርን መምረጧን ቀጠለች። ደቡብ አየርላንድ በ1922 ከብሪታንያ ተለይታ፣ ፓርቲውም ከጠፋ በኋላ ያ 86ኛው ሰው በዌስትሚንስተር ተቀምጦ ነበር። ከአባላቱ ሁሉ የረጅም ጊዜ አገልግሎት ስላለው የምክር ቤቱ አባት የሚለውን ማዕርግ ይዞ፣ በ1929 እስኪሞት ድረስ።